ያለ መሃል ሰው የተቀናጀው በሬ

ወንበሬ የተንቀሳቀሰው ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ከዳይሬክተሩ በር አጠገብ ዐረፈ። በመስኮቱ በኩል ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ ይታየኝ ነበር፤ ባጃጁ፣ ጤፍ የጫነው አህያ፣ ዣንጥላ ዘርግቶ ከአህያው ኋላ የሚራመደው ሰው። በአዲሱ ቦታዬ የሚታየኝ ነጭ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በረድፍ ተከፍሏል፤ «የሚሠራ»፣ «በመሠራት ላይ ያለ»፣ «ያለቀ»። ጠርዙ ላይ ደግሞ ጠበብ ያለች አራተኛ ረድፍ አለች፤ «ለቀጣይ» ትላለች። ሰው ሊገድለው ያልደፈረውን ሐሳብ የሚቀብረው እዚያ ነው። መቃብር መሆኗን ያወቅሁት ግን የራሴን ሥራ በገዛ እጄ ከቀበርሁባት በኋላ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለገበሬ የስልክ አገልግሎት የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነው። እኔ የገባሁት በዲዛይነርነት ነበር። ከዚያ በፊት ታፔላ ጸሐፊ ነበርሁ፤ ሥጋ ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ ልብስ ስፌት። ታፔላ ሰውን ልክ ያስገባል። ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው ካላነበበው የፊደሉ ማማር ለማንም አይረባም። ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ስለ ዲዛይን ከዚህ የተሻለ የነገረኝ ግን አላገኘሁም። ስለ አመራር የተጻፉትንማ ተዋቸው፤ ሽፋኑን ያነበበ መጽሐፉን ጨርሷል።

ሥራችን እንዲህ ነበር። በእኛ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ሌላ ገበሬ ጋር ይቀናጃል። ሁለቱን በሬዎች ባንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ ያንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። ዳይሬክተሩ ይህን የሰማው ከእኔ ነው። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ፣ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ አፉ ጣፋጭ፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ ታክሲና ተሳፋሪ በስልክ ይገናኛል። በሬና በሬ ምን አነሰው?» አለኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ሐሳቡን ወደድሁት። የዚህ ሁሉ መጀመሪያ ያች ሳቅ ናት፤ ሌላ ሰው ላይ ላሳብባት አልችልም።

የስልኩን ገጽ በወፍራም ወረቀት ላይ በእጄ እየሣልሁ በገበያ ቀን አምበር፣ ቁይ፣ ደብረ ኤልያስ እሄድ ነበር። ወረቀቱን ሰው ጭን ላይ አስቀምጬ አውራ ጣቱ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። አፉንማ መስማት ከንቱ ነው። የጎጃም ገበሬ እንግዳ ይዞት የመጣውን ነገር ፊት ለፊት አይነቅፍም፤ «ደግ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይልና ወረቀቱን በሁለት እጁ ይመልስልሃል። ደግ የተባለልኝ ወረቀት ብዛት አንድ ሻንጣ ይሞላል። አንዱም አልሠራም።

ደግ ነው ያላሉኝ አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። አምበር ገበያ ጌሾ ይሸጡ ነበር። ስድሳ ያለፋቸው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠሩ፣ ከአምበር የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ካለ ገጠር የመጡ ናቸው። ወረቀቱን ጌሾው ላይ አስቀመጥሁላቸው።

«ምንድን ነው?»

«በሬ የሚያቀናጅ ስልክ ነው፣ እናቴ።»

«ስልኩ ያርሳል?»

«አያርስም። አንድ በሬ ያለውን ሰው አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ያገናኛል።»

«እሽ። መሃል የገባው ማነው?»

«መሃል ማለት?»

«አንተ ሚስት ስታገባ ስልክ ደውለህ ነው የወሰድሃት? ሽማግሌ አላክህም?»

ከጎናቸው ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝና «ኧረ ይኼስ ያገባም አይመስል» አለች። ዙሪያው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፉ ነበሩ።

«በሬማ ምን አለበት» አሉኝ። «ሁለት ቀን ይዋጋል፣ በሦስተኛው ይለምዳል። የሚቀናጅ ሰው ነው።»

ነገሩ ለእሳቸው ወሬ አልነበረም። ባለቤታቸው ሞተው አንድ ቀይ በሬ ቀርቷቸዋል። ጎረቤታቸው የሆነ ሰው ቀዩን ከራሱ በሬ ጋር ጠምዶ የራሱን ማሳ ያርስ ነበር፤ በለውጡ የእሳቸውንም ያርስላቸዋል። በዚያ ዓመት ያ ጎረቤት በሬውን ሸጦ ልጁ ወዳለበት ከተማ ገባ። ክረምቱ ሳይገባ ሌላ ሰው ካላገኙ መሬቱን ለእኩል መስጠት ነው። ለእኩል ማለት ሌላው ሰው ጥንድ በሬውን ይዞ መጥቶ ያርሳል፣ ይዘራል፣ የምርቱን ግማሽ ይወስዳል።

«ግማሹስ ይሁን» አሉ። «ቀዩን ምን ላድርገው? ሥራ የሌለው በሬ ሥጋ ነው። ያን በሬ ከጥጃ ያሳደገው ሟች ነው።»

ያን ሳምንት ቢሮ ገብቼ በሕይወቴ የተሻለውን ገጽ ሣልሁ። «መሃል ሰው» አልሁት። አገልግሎቱ ሁለት ሰዎችን ከማገናኘቱ በፊት እያንዳንዳቸውን «የምታምነው ሰው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልእክቱ አስቀድሞ የሚደርሰው ለዚያ መሃል ሰው ነው። እሱ «ይሁን» ካለ ሁለቱ ይሰማሉ። «ይቅር» ካለ ግን ማንም ምንም አይሰማም። ማንም አልተጠየቀም፣ ማንም እንቢ አልተባለም። ወረቀቱን ይዤ አምበር ተመለስሁ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከትለው አነበቡት።

«ይኼን የሠራ ሰው አሳዳጊ አለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የተሰጠኝ ሽልማት ቢኖር ይህ ነው።

ፕሮግራመሮቹ ግን አንጀታቸው አረረ። መሃል ሰው ማለት ሦስት ተጨማሪ እርምጃና ስንት ቀን መጠበቅ ነው። በየስብሰባው ሊቆርጡት ይሞክራሉ፣ በየስብሰባው እጮሃለሁ። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን ጠራኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ከስክሪን በላይ ነህ። ለምን ፕሮዳክት ማናጀር አትሆንም? ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚቀር የምትወስነው አንተ ትሆናለህ።»

ምን እንደሚቀር። የገዛኝ ይህ ቃል ነው። መቀሱን እኔ ከያዝሁ መሃል ሰውን የሚቆርጠው ማነው ብዬ አሰብሁ። መቀስ የያዘ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ብሎ ነው የሚይዘው።

ካርድ አሳተሙልኝ። «የምርት ሥራ አስኪያጅ» ይላል። አምበር ያለው የግብርና ባለሙያ ካርዱን ገልብጦ ገልብጦ አየና «እንግዲያ የዘንድሮውን በረዶ ምነው ዝም አልኸው?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ገበያ መውረዱ ግን በዚያው ቀረ። የእኔ ቀን አሁን ስብሰባ ነው። ወረቀት እሸከምበት የነበረው ክንዴ ሰዎችን «እስከ መቼ?» ብሎ ለመጠየቅ ብቻ ይነሣል። በእኔ ቦታ አንዲት ወጣት ዲዛይነር ተቀጠረች። መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ ሻንጣዬን ከነወረቀቱ አስረከብኋት።

ግንቦት ሳይወጣ ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ሊጎበኙን እንደሚመጡ ተነገረ። አገልግሎቱ ሥራ ጀምሮ፣ ሰው ተቀናጅቶ መታየት አለበት። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠርሁ። የሚቀር ነገር ያስፈልጋል። ሁሉንም አየሁ። የበሬ ቁመት የሚሞላበት ገጽ ይቅር? ፕሮግራመሮቹ ጨርሰውታል። በበዓል ቀን «ጥመዱ» እንዳይባል የሚያደርገው ካሌንደር ይቅር? ሥራችን በሚካኤል እረሱ ብሎ ሲያዝ ሕዝቡ ይስቅብናል። ያልተጀመረው፣ ከባዱ፣ ቀን የሚበላው አንድ ነው። የ«መሃል ሰው»ን ካርድ ነቅዬ «ለቀጣይ» ላይ ለጠፍሁት። ያስገደደኝ የለም። ዳይሬክተሩ ያን ቀን ባሕር ዳር ነበር።

ወጣቷ ከመስኮቱ ሥር አየችኝ።

«ጋሼ፣ መሃል ሰው የት ሄደ?»

«ለቀጣይ።»

«አንተ የሣልኸው እኮ ነው።»

«ስለሣልሁት ነው መቆየት እንደሚችል የማውቀው።»

«ማንን ጠይቀህ?»

«ፍጹሙን ስንጠብቅ ያለቀ ነገር አይኖረንም» አልኋት። ይህ ቃል የእኔ አይደለም። ከስድስት ወር በፊት እኔ ስጮህ ዳይሬክተሩ ለእኔ ያለኝ ነው። ያኔ ሰምቼ ከንፈሬን እንደነከስሁ አስታውሳለሁ። እሷም ነከሰች።

መሃል ሰው ሲወጣ የእሱን ቦታ የሚይዝ ደንብ ያስፈልግ ነበርና አወጣሁ። አገልግሎቱ የሚቀራረቡ ሁለት በሬዎች ሲያገኝ ለሁለቱም መልእክት ይልካል። የማይፈልግ ሰው ሁለት ቁጥርን ይጫናል፤ እንቢታው ለሌላው ይነገራል። በሁለት ቀን ውስጥ ካልተጫነ ተስማምቷል ማለት ነው። የዚህን አገር ሰው ዝምታ መስማማት ብሎ የሚተረጉም ወይ ባዕድ ነው፣ ወይ ፕሮዳክት ማናጀር። አንድ ሌላም ጨመርሁ፤ የተቀናጁ ሰዎች ስም በየሳምንቱ ታትሞ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፋል። ለግልጽነት ነው አልሁ። በስብሰባው ተጨበጨበልኝ።

ምዝገባው ሲጀመር አምበር ወረድሁ። ሴትዮዋ ጌሾአቸውን ዘርግተው እዚያው ቦታ ነበሩ። ቀዩ እስካሁን ጥንድ አላገኘም። ባለቁልፍ ስልካቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው ሰጡኝና ራሴ መዘገብኋቸው። ሲያልቅ ስልኩን አገላብጠው አዩት።

«መሃል ሰውስ?»

«ይመጣል» አልኋቸው።

ስላልዋሸሁ ነው መሰለኝ አፌን አልያዘኝም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ነው የነገርኋቸው። ለቀጣይ ማለት ይመጣል ማለት ነው፤ መቼ እንደሆነ ብቻ ማንም አይጠይቅም።

በሦስተኛው ቀን ስልካቸው ጮኸ። «እንኳን ደስ አለዎት! ለበሬዎ ጥንድ ተገኝቷል፤ ካልፈለጉ 2 ይጫኑ» ይላል፤ ከሥሩ የአንድ ሰው ስምና ስልክ አለ። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ያለ፣ አንድ ጥቁር በሬ ያለው፣ ጉልበተኛ ገበሬ ነው። ቁመቱ ልክ፣ ርቀቱ ልክ። በኮምፒውተሩ ዓይን ከዚህ የተሻለ ጥንድ በወረዳው የለም።

ኮምፒውተሩ የማያውቀውን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የዚህ ሰው አባትና የሴትዮዋ ባል በድንበር ተጣልተው ነበር። ደም ሊፈስ ሲል ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው፤ ድንጋይ ተተከለ፣ አንዱ ቤት የሌላውን ማሳ እንዳይረግጥ በግዝት ታሠረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ አንገት ሰበር አድርገው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ከዚያ አያልፉም። ሰላሙ የቆመው በዚያች ርቀት ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ለሚያምነው ሽማግሌ መልእክቱ አስቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ሽማግሌው «ይቅር» ይላል፣ ነገሩም ሳይሰማ ይሞታል። ገጹ የተሠራው ለዚህ ነበር።

ይህን ሁሉ ያኔ አላወቅሁም፤ ያየሁት ሁለቱም ሁለትን ሳይጫኑ ሁለት ቀን ማለፉን ነው። እንግዶቹ መጡ፣ ነጭ ሰሌዳው ተጠረገ፣ እኔ አቀረብሁ። በስላይዱ ላይ የሴትዮዋ ፎቶ ነበር፤ ዲዛይነር ሳለሁ ከጌሾአቸው ጋር ያነሣኋቸው። «ባልቴት፣ አንድ በሬ፣ ዛሬ ጥንድ አላት» አልሁ። በእንግሊዝኛ ስለነበር አንቱታው እንኳ ጠፋ። አንዲት እንግዳ ዓይኗን ጠረገች።

የነገረችኝ ወጣቷ ዲዛይነር ናት። ወረቀት ይዛ አምበር ወርዳ ነበር። ሰኔ ሊጋመስ ነው፤ ዝናቡ ገብቷል። እርጥብ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ወደ እኔ መጣች።

«ቀዩ በሬ ሳይጠመድ ቆሟል» አለችኝ። «የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ።»

በማግሥቱ ሄድሁ። ከአምበር ጀምሮ በእግሬ ነው፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀርቶብኛል። ስደርስ ማሳው ላይ አንድ የማላውቀው ሰው በሁለት ነጫጭ በሬዎች እያረሰ ነው። ቀዩ ዳር ላይ፣ ከአንድ የግራር ግንድ ታስሮ ወደ ማሳው ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ሣር ከፊቱ አለ። አይበላም ነበር።

ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቁርበት አነጠፉልኝ። የሽምብራ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጭቃው ጠየቁኝ። በዚህ ወሬ መቆየት ያልቻልሁት እኔ ነኝ።

«እናቴ፣ ለምን አልደወሉልኝም?»

«ምን ብዬ? የሰጠኸኝን አልወደድሁትም ብዬ?»

«ሁለት ቁጥርን ቢጫኑ ኖሮ ይቀር ነበር።»

«ሁለት ብጫን የሚሰማ ማነው? እሱ አይደል?» አሉ። «ያንተ ሁለት እኔ ዘንድ ጠብ ነው፣ ልጄ። እርቁን ያፈረሰች እሷ ናት፣ የሰው ልጅ ናቀች ይሉኛል።»

«እሱስ ለምን ዝም አለ?»

«ጨዋ ነዋ። እሱ ቢጫን፣ ባልቴቷን ገፋት ይባላል። አባቱም ጨዋ ነበር፤ ድንበር ላይ ካልሆነ።»

«ሌላ ሰው አልጠየቁም? በዚህ ሁሉ ጊዜ?»

«ማን ይጠጋኛል? ስሜን ከስሙ ጋር በር ላይ ለጥፋችሁት። የሰው መቀናጆ ማፍረስ ነውር ነው። ከላይ ቤት ያለው ጎልማሳ ደህና በሬ አለው፤ ሊጠይቀኝ መጥቶ ወረቀቱን አየና ይቅርታ ብሎኝ ተመለሰ።»

ያን ወረቀት የለጠፍሁት ለግልጽነት ነበር።

 ነጫጮቹ በሬዎች ጫፍ ደርሰው ሲዞሩ አራሹ ጅራፉን አጮኸ፤ ቀዩ ጆሮውን አቆመ።

«እኔስ» አሉ ሴትዮዋ፣ ቆሎውን ወደ እኔ ጠጋ እያደረጉ፣ «ጠበቅሁ። መሃል ሰው ይመጣል ብለኸኝ አልነበር? ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ብዬ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ በር ላይ ሰው አስቀምጬ ነው የምሄድ፤ መጥቶ እንዳያጣኝ።»

ልነግራቸው ፈለግሁ። የሚመጣው ሰው እንዳልነበረ፣ ገጽ እንደነበረ፣ ገጹንም እኔ እንዳስቀረሁት። አፌን ከፍቼ ያወጣሁት ግን ሌላ ነው።

«አሁን እኔ መሃል ልግባ። ዛሬውኑ ላናግረው።»

«አሁንማ መሬቱን ለእኩል ሰጠሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ቀዩስ?»

«ነጋዴ አይቶታል። ለፍልሰታ መፍቻ ይሆናል አለ።» ከዚያ ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ እኔ አዩ። «ቆሎውን አልነካኸውም። ብላ እንጂ።»

በላሁ።

ቢሮ ስመለስ ካርዱን ከ«ለቀጣይ» ነቅዬ «የሚሠራ» ላይ ለጠፍሁት። የተቃወመኝ የለም፤ እንግዶቹ ሄደዋል፣ ጊዜ አለ። ዳይሬክተሩን ወደ ዲዛይን ልመለስ ብዬ ለመንሁት። «ጋሼ፣ ቦታው ተይዟል፤ ልጅቷ ጎበዝ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። መሃል ሰውን ከእኔ በተሻለ አድርጋ ሣለችው። ሐምሌ ሲያልቅ፣ የጤፉ ዘር ከተዘራ በኋላ፣ ሥራ ጀመረ። በጣም ይሠራል። በሚቀጥለው ስላይድ ላይ ገብቷል።

መስከረም ላይ አገልግሎቱ ለተመዘገቡት ሁሉ አንድ ጥያቄ ላከ። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ወረቀትና አውራ ጣት ማየት ሲቀር ሰው የሚያወጣው ደንብ ነው። «አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት? ጥሩ ከሆነ 1፣ መጥፎ ከሆነ 2 ይጫኑ።» መልሱ ሲመጣ የሴትዮዋን ቁጥር ከዝርዝሩ ፈልጌ አገኘሁ። ወጣቷ ከኋላዬ ቆማ አብራኝ ታይ ነበር።

አንድ ተጭነዋል።